ለሞት እድር አለን፤ ለሚደክም ሰውነትስ?

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ጤናማ ኩላሊት በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ፣ ባለቤቱ ተኝቶም ነቅቶም፣ ጾሞም በልቶም፣ ያለማቋረጥ ደም ያጣራል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ሰው ደግሞ በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከእጥበት ማሽን ጋር ተያይዞ ይቆያል፤ ቢደመር 12 ሰዓት ነው። በቀሩት 156 ሰዓታት ሰውነቱ ሊያስወጣው ያልቻለውን ውኃ፣ ጨውና ቆሻሻ ተሸክሞ ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል። ማሽኑ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ታካሚውም የቱንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው ጭብጥ የሚያካክሉ ሁለት የአካል ክፍሎች በዝምታ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሊተካው አይችልም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ሕመም ከመንገድ ላይ ያውቀዋል። የታማሚው ፎቶግራፍና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በትልቁ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየተማጸነ በቀስታ ሲያልፍ፣ ወጣቶች ካርቶን ይዘው ትራፊክ መብራት ላይ የቆሙ መኪኖችን ሲጠጉ፣ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር ያላየ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን የቻልነውን እንሰጣለን፤ «እግዜር ይማርህ» እንላለን፤ መብራቱ ሲለቀቅ እናልፋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሞትን የሚያህል ነገር በየሰፈሩ በደንብ፣ በመዝገብና በወርኃዊ መዋጮ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሕዝብ፣ የአንድ ጎረቤት ኩላሊት ሲደክም ለምን ሁልጊዜ ተሰምቶ የማይታወቅ አደጋ እንደደረሰ ሁሉ ይደነግጣል? የገንዘብ እጥረት የመልሱ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አይመስለኝም። ሞት የሁላችንም መሆኑን ከልብ ተቀብለናል፤ ሰውነታችን ከመሞቱ ብዙ ዓመት በፊት ከእጃችን ሊወጣ እንደሚችል ግን ገና አልተቀበልንም።

ኩላሊትን የመረጥኩት፣ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከእሱ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ ቁጥሩ ግን ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል። ማጣሪያዎቹ ተሠርተው የሚያበቁት ጽንሱ ገና በማሕፀን ሳለ፣ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ሲሆን፣ ከተወለድን በኋላ አንድም አይጨመርልንም። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ባነሱ ማጣሪያዎች ሕይወትን ይጀምራል። እናቱ በእርግዝናዋ ወራት ጠግባ ትብላ አትብላ፣ ወባ ይያዛት አይያዛት እሱ የመረጠው ነገር የለም፤ ውጤቱን ግን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ከ30ዎቹ ወይም ከ40ዎቹ ዕድሜ ወዲህ ደግሞ ጤነኛ በሆነ ሰውም ላይ የማጣራት አቅም በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል።

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው፣ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ገደማውን በሽንት ያስወጣሉ። ይህ ሁሉ ሲከናወን ምንም አይሰማንም። መከራው ሲበላሹም የማይሰማን መሆኑ ነው። የተወሰኑት ማጣሪያዎች ሲሞቱ የቀሩት የእነሱን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ፣ ሰውየው አብዛኛውን የኩላሊቱን አቅም አጥቶ እንኳ ሥራውን ሊሠራ፣ ሠርግ ሊጨፍር፣ ተራራ ሊወጣ ይችላል። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ድካም ሲበዛ የሥራ ብዛት ነው ይባላል፤ እግርና ፊት ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር ብቻ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ያን ጊዜ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳየው የክሬቲኒን የደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ፣ ሐኪሙ የሚናገረው ዓመታት ስላስቆጠረ ጉዳት ነው፤ ቤተሰቡ የሚሰማው ግን ትናንት ማታ ስለደረሰ አደጋ ነው።

ከሐኪም ቤት መልስ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን አድርጎ ነው?» የሚል ነው። ይጠጣ ነበር? ውኃ አይወስድም ነበር? ጥሬ ሥጋ ያበዛ ነበር? ከመንፈሳዊው ወገን ደግሞ ምን በድሎ፣ የማን ዓይን አርፎበት፣ ማን አስደርጎበት የሚሉ ይከተላሉ። ጥያቄዎቹ ስለ ታማሚው የተጠየቁ ቢመስሉም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግሉት ጠያቂውን ነው። እሱ ያደረገውን እኔ ስለማላደርግ እሱ የደረሰበት አይደርስብኝም የሚል መጠለያ ይሠሩለታል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት ዝም ብለው ከተቀመጡ በኋላ አፋቸውን ሲከፍቱ የሠሩት ስሕተት ይህ ነበር፤ መከራው ያለ ጥፋት የመጣ ከሆነ እነሱም ከነገ መከራ ዋስትና የላቸውምና፣ ጥፋት ሊያገኙበት ግድ ሆነባቸው።

ጥፋት ፍለጋውን ሕክምናው ራሱ አይደግፈውም። ለዘላቂ የኩላሊት ጉዳት ዋነኞቹ መንስኤዎች የስኳር ሕመምና የደም ግፊት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በእነዚህም ላይ አኗኗራችን ድርሻ አለው። ከዚያ አልፎ ግን ሰው ምንም ያልጨመረበትና ምንም ሊቀንስ የማይችለው ሰፊ ክፍል አለ። በኩላሊት ላይ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶችን የሚያበዛውና በአብዛኛው በጎልማሶች ላይ የሚታየው በዘር የሚተላለፍ ሕመም፣ ከወላጆች አንዱ ካለበት ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከአንድ እናት አባት፣ ከአንድ ገበታ ላይ ያደጉ ወንድምና እህት፣ አንዱ በ55 ዓመቱ እጥበት ሲጀምር ሌላው ምንም ሳይነካው ያረጃል። በመካከለኛው አሜሪካ የፓስፊክ ጠረፍ፣ በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ፣ የስኳር ሕመምም የደም ግፊትም የሌለባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች በኩላሊት መድከም ሞተዋል። ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠረጥሩት በጠራራ ፀሐይ ያለ በቂ ውኃና ዕረፍት መሥራትን ሲሆን፣ ይህም ልጆቹን ለማብላት ማሳ ውስጥ የዋለ ሰው «በደል» ሊባል አይችልም።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ የሚገኝ ኤፖል-ዋን በሚባል ዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ አለ። ይህ ለውጥ በጥንት ዘመን በጸጸ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ አንድ ዓይነት የእንቅልፍ በሽታን በመከላከሉ እንደተስፋፋ ይታመናል፤ ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሰዎች ግን ለኩላሊት ሕመም የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይህ ለውጥ በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዳልተገኘ አሳይቷል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ የሚመጣ አንድ ዓይነት የኩላሊት ጉዳት በኢትዮጵያውያን ላይ ለምን እንደማይታይም በዚሁ ተብራርቷል። አንድ ሕዝብ ይህን ጥበቃ ያገኘው ጠንቃቃ ወይም ጻድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላውም ያጣው ስለበደለ አይደለም። አያቶቻችን ከየትኛው ተሐዋስ ጋር ጎረቤት ሆነው እንደኖሩ የወሰነልን ዕጣ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ መጠንቀቅ ምን ይጠቅማል?» ቢል ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እጅግ ይጠቅማል። የደም ግፊትን በመድኃኒት መቆጣጠር፣ ስኳርን መከታተል፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ከፋርማሲ እየገዙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት አለመውሰድ፣ የኩላሊትን ዕድሜ በዓመታት ሊያራዝም ይችላል። ቀድሞ ለስኳር ሕመም ብቻ ይሰጡ የነበሩ አንዳንድ መድኃኒቶችም ስኳር የሌለባቸውን ሰዎች ኩላሊት ጭምር መድከም እንደሚያዘገዩ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል። ጥንቃቄ የአደጋውን ዕድል ያጠብባል፤ ውጤቱን በእጃችን አያስገባልንም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል። ጤነኛ ሳለ «እኔ ሁሉን በልክ ስለማደርግ አያገኘኝም» ብሎ ሳይመረመር ይኖራል፤ ሲታመም ደግሞ ሁሉን በልክ ያደረገ ሰው መታመሙ ስለማይገባው ራሱን በጥፋተኝነት ያሠቃያል፤ ወይም በዩቲዩብና በቲክቶክ «ኩላሊትን አጥቦ የሚያድስ» ተብሎ ወደሚሸጥለት ቅጠልና ዱቄት ይሄዳል። ያን ዱቄት የማጣራትና የማስወገድ ሥራ የሚወድቀው በዚያው በደከመው ኩላሊት ላይ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ሰውነቱ ሳይነግረው ሊከዳው እንደሚችል የተቀበለ ሰው ግን ሳያመው ይለካል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.4 ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊት ሲኖርባቸው፣ ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት መኖሩን አያውቁም። በእኛ አገር ከማያውቀው ሰው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ አውቆ መድኃኒቱን ያቋረጠው ነው። «ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሰነፍ ወይም ያልተማረ ስለሆነ አይደለም። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን በየቀኑ «ሰውነትህ ያለ ድጋፍ አይቆምም» ይለዋልና፣ ያን መስማት ከበሽታው በላይ ስለሚከብደው ነው።

ይህ መክበድ በቤተሰብ ደረጃ ሌላ መልክ ይይዛል። መርዶ ስንነግር ሽማግሌ መርጠን፣ ጎረቤት አሰባስበን፣ ጎሕ ሲቀድ የምንሄድ ሰዎች ነን፤ ክፉ ወሬን ለብቻ ለሰው ላለመጣል የተሠራ ጥሩ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ይኸው ልማድ ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ ተጣሞ ይገኛል። ልጆች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አቁመው «ዶክተር፣ ለእሳቸው እንዳይነግሩብን፣ ይደነግጣሉ» ይላሉ። አባት «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው» ተብለው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ለመርዶ የተቀጠረ ቀን አለው፤ ለዚህ ወሬ ግን ማንም ቀን አይቀጥርለትም። የሚከፈለው ዋጋም በጣም ተጨባጭ ነው። ለእጥበት የሚሻለው መንገድ ክንድ ላይ ደም ቅዳንና ደም መልስን በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ሲሆን፣ የተገናኘው ደም ሥር ሰፍቶና ጠንክሮ መርፌ ለመቀበል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይህን ጊዜ አያገኝም፤ ትንፋሽ አጥሮት በድንገተኛ ክፍል በኩል ይገባና አንገቱ ላይ ጊዜያዊ ቱቦ ይገባለታል፤ በቱቦው በኩል ደግሞ ኢንፌክሽን ወደ ደም የመግባት አደጋው ከፍ ያለ ነው። እንዳይደነግጥ የተደበቀው ነገር መዘጋጀትንም ነጥቆታል።

ከእጥበት ጋር የሚኖር ሰው ቀን ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የእጥበት ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ሚዛን ላይ ነው። ካለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረው ክብደት ሥጋ አይደለም፤ ሽንት ስለማይወጣ ያጠራቀመው ውኃ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ከሆነ ያን ያህል ውኃ በአራት ሰዓት ውስጥ ከደሙ ሊወጣ ነው ማለት ነው፤ ሲወጣ እግሩ ይኮማተራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አልቆ ሲነሣ ያዞረዋል። ስለዚህ ቤቱ ሲመለስ የሚጠጣው ሁሉ ይቆጠራል። የጠዋት ሻይ ይቆጠራል፤ ሾርባ ይቆጠራል፤ ኪኒን የሚውጥበት ውኃ ይቆጠራል። የባሰ ሲጠማው ሎሚ ይልሳል ወይም በረዶ አፉ ውስጥ ይይዛል። ሙዝ፣ አቮካዶና ብርቱካን፣ ለጤናማ ሰው የሚመከሩት እነዚያው ፍራፍሬዎች፣ ፖታሲየማቸው ልቡን ሊያቆምበት ስለሚችል ይከለከላል። መርፌ የሚገባበት ክንዱ ላይ ግፊት አይለካበትም፤ ዕቃ አይንጠለጠልበትም። ሌሊት ሲነቃ ያን ክንድ በሌላው እጁ ጣቶች ይዳስሳል፤ ከቆዳው ሥር ደሙ ሲፈስ የሚሰማው ንዝረት ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከጠፋ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት።

ጠበልና ጾም እዚህ ላይ ሳይነሱ ሊታለፉ አይገባም። ፈሳሽ በስኒ የሚለካለት ሰው ጠበል ቦታ ሄዶ በጆግ ሲጠጣ ሳንባው በውኃ ሊሞላ ይችላል፤ «እጥበቱን ትተህ በእምነት ጽና» የተባለ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ የመቆየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ይህን የምለው እምነትን ለመንቀፍ አይደለም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳተረፈ እናስታውሳለን። ለኩላሊት ሕሙማንም ተመሳሳይ ግልጽ ቃል ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ቢሰማ፣ ከመስጊድ ደግሞ የረመዳን ጾም በሽተኛን እንደማያስገድድ ደጋግሞ ቢነገር፣ ከብዙ የሕክምና ምክር የበለጠ ይሠራል። የሰው ልጅ ሁሉን እንደማይችል ከማንም በላይ ሲያስተምሩ የኖሩት የእምነት ቤቶች ናቸው፤ ታማሚው ሕክምናውን ሲቀጥል እምነቱ እንደጎደለ የሚቆጥሩ ሰባኪዎች ይህን ትምህርት ዘንግተዋል።

የእጥበት ማሽን ታሪክ ራሱ የሰውን ልጅ አቅምም ገደቡንም ያሳያል። ቪለም ኮልፍ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በናዚዎች በተያዘችው ሆላንድ፣ ለቋሊማ መሸፈኛ ከሚሆን ሴሎፎን የመጀመሪያውን ማሽን ሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱበት፤ በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነች። ማሽኑ ለዓመታት የሚያገለግለው ግን ኩላሊታቸው ለጊዜው ለቆመ ሰዎች ብቻ ነበር። በ1960 በአሜሪካ ሲያትል ቤልዲንግ ስክሪብነር ታካሚው ክንድ ላይ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ሲያዘጋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩላሊቱ ለዘለቄታው የሞተ ሰው መኖር ቻለ፤ የመጀመሪያው ታካሚ ክላይድ ሺልድስ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖሯል። ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር ሰዎች እንጂ ማሽን ሊፈታው የሚችል አልነበረም፤ ታካሚው ብዙ፣ ማሽኑ ጥቂት ነበር።

ሲያትል ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመች። ጠበቃ፣ የሃይማኖት አገልጋይ፣ የቤት እመቤት፣ የባንክ ባለሙያ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስማቸው ሳይገለጥ ተቀምጠው ማን እንደሚኖር ይመርጡ ነበር። ከሕክምናው ሁኔታ ባሻገር ዕድሜ፣ ትዳር፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ትምህርት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሳይቀር ይመዘን ነበር። ጉዳዩ በ1962 በመጽሔት ሲወጣ ብዙ ሕዝብ ደነገጠ። በ1971 ሼፕ ግሌዘር የተባለ ታካሚ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከማሽን ጋር ተያይዞ የምስክርነት ቃሉን ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሕግ መንግሥት የአብዛኛውን የኩላሊት ሕመምተኛ የእጥበት ወጪ መሸፈን ጀመረ። ሕጉ የተመሠረተበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ኩላሊት ማንን እንደሚከዳ ስለማይታወቅ ወጪው የሁሉም ነው።

እኛ ኮሚቴ የለንም ብንልም ምርጫው ግን አለ፤ መንገድ ላይና ስልክ ላይ ይካሄዳል። የእርዳታ ማስታወቂያዎችን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ስለ ታማሚው ከተጻፈው ውስጥ ስንቱ ስለ ሕመሙ፣ ስንቱ ደግሞ ስለ መልካምነቱ እንደሆነ ያያል። ለፍቶ አዳሪ ነው፣ ከሱስ የጸዳ ነው፣ የቤተሰቡ ብቸኛ ተስፋ ነው፣ በማዕረግ የተመረቀ ነው። ይህን የጻፉትን አልወቅስም፤ ሰው ምን ሲሰማ እንደሚሰጥ ስለሚያውቁ ነው የሚጽፉት። ነገር ግን ፎቶግራፉ የማያምርለት፣ ታዋቂ ወዳጅ የሌለው፣ በወጣትነቱ ጠጪ የነበረ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው ኩላሊቱ በዚያው መጠን ደክሟል። እጥበት በዓመት ከ150 ጊዜ በላይ የሚደረግ ነው፤ በአንድ ጊዜ ርኅራኄ የሚሰበሰብ ብር የቱንም ያህል ቢበዛ ወራትን እንጂ ዓመታትን አይሻገርም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሚሊዮኖችን አቅፏል፤ አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚያዋጣው ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ እጥበትን እንዲሸከም ታስቦ የተተመነ አይደለም።

ንቅለ ተከላ የተሻለው መውጫ ነው፤ በውስጡ ግን ሌላ ሰው አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር ውስጥ ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ ሲጀምርም የሚተከለው ኩላሊት በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል የሚገኝ ነበር። በዓለም የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላም የወንድማማቾች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ ሮናልድ ሄሪክ ለመንትያው ለሪቻርድ ኩላሊቱን ሰጠ። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 79 ዓመቱ ኖሯል። ጤናማ ለጋሽ በአንድ ኩላሊት ሙሉ ሕይወት መኖር እንደሚችል ዛሬ ብዙ ማስረጃ አለ።

ሆኖም የመስጠት ጥያቄ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረውን ጭንቀት አቅልሎ ማየት አይገባም። እናት በአንድ ልጇና በሌላው መካከል ትቆማለች። ምርመራ አድርጎ «ይስማማል» የተባለው ወንድም፣ ሚስቱና ልጆቹ በፍርሃት የሚያዩት ወንድም፣ እምቢ ቢል የወንድሙ ገዳይ ተብሎ እንደሚኖር ይሰማዋል። እኔ እንደማምነው የለጋሽ ፍርሃት የፍቅር ማነስ አይደለም። እሱም የሚደክም ሰውነት አለው፤ ነገ ምን እንደሚደርስበት አያውቅም። ስለዚህ ሐኪሞች ለጋሹን ከቤተሰቡ ለይተው ለብቻው ማነጋገራቸው፣ ሐሳቡን ከለወጠም ምክንያቱ ሳይገለጥ «ለመስጠት አይመችም» ተብሎ በክብር እንዲወጣ ማድረጋቸው፣ የተቀባዩን ያህል ለእሱም የሚደረግ ሕክምና ነው። በሌላ በኩል ለእጥበትም ለንቅለ ተከላም ሰውነታቸው የማይፈቅድላቸው፣ ወይም ዕድሜያቸው ገፍቶ የቀራቸውን ጊዜ ከማሽን ርቀው በቤታቸው ማሳለፍን የሚመርጡ አሉ። ለእነዚህ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰሉ ድርጅቶች የሚሰጡት የማስታመም ሕክምና፣ ትንፋሽን፣ ሕመምንና ማሳከክን የሚያቀል እንክብካቤ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው መሸኛ ተደርጎ መታየቱ ማብቃት አለበት።

ወደ እድር እንመለስ። እድር ጠንካራ የሆነው ለምንድን ነው? አባላቱ ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም፤ ቀሪ የሚቀጡት፣ መዋጮ ያዘገየን የሚያስከፍሉት ለዚህ ነው። የጠነከረው ማንም እድርተኛ «እኔ አልሞትም» ስለማይል ነው። ሟቹ ጠጪ ይሁን ጾመኛ፣ ድሃ ይሁን ባለጸጋ ሳይጠየቅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ለኩላሊት ሕመምተኛ መኪና ላይ የምንጽፈውን የመልካምነት ማስረጃ ለሟች ቤተሰብ ማንም አይጠይቅም። ይኸው ተቋም ከሞት አልፎ መሥራት እንደሚችልም ታይቷል፤ በኤች አይ ቪ ዘመን፣ ቀብር ሲበዛ ካዝናቸው የተራቆተ ብዙ እድሮች ሕሙማንን ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ያን ያደረጉት ማንም አስገድዷቸው ሳይሆን፣ ቀባሪ ሆኖ ብቻ መኖር እንደማያዋጣ ስለተረዱ ነው።

እድር ብቻውን የማንንም ዕድሜ ልክ እጥበት ሊከፍል አይችልም፤ ያ የመንግሥትና የመድን ሥርዓቱ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ አገሮች የኩላሊት ሕመምን መከላከልና መለየት በመደበኛ የጤና አገልግሎታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ጠይቋል። የደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በሚቀርበው ጤና ጣቢያ የክሬቲኒንና የሽንት ምርመራ እንዲያገኝ ማድረግ፣ ለእጥበት ማሽን ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ወጪ ነው። እድር ሊያደርግ የሚችለው ከዚያ በፊትና በመካከል ያለውን ነው። ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ፣ ገንዘብ ያዡ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ብትቀመጥ፣ በየሰፈሩ ሐኪም ቤት ሄደው የማያውቁ ጎልማሳ ወንዶች ይለካሉ። ታማሚውን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ እጥበት የሚያደርስ መኪና ያለው አባል በተራ ሊመደብ ይችላል። የሚያስታምሙት ቤተሰቦች እንደ ኀዘንተኛ ሁሉ ከጉልበት ሥራና ከቀብር ግዴታ ለጊዜው ሊታለፉ ይችላሉ። ለቀብር ከሚቀመጠው ገንዘብ ላይ የተወሰነው አባሉ በሕይወት ሳለ ለመድኃኒቱ ቢሰጥ ምን ያህል ቢሆን እንደሚሻል አባላቱ ራሳቸው ሊወስኑ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የመተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻል ሲሆን፣ በአብዛኞቹ እድሮች ደንብ የሚሻሻለው በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ነው።